ኮምቦልቻ ላይ በትንሽ አውሮፕላን፦ ለጥያቄዎቻችሁ መልስ

ስለ ትንንሽ ባለፒስተን አውሮፕላን ጥያቄ ያላችሁ ጻፉልኝ ብዬ ነበር። ብዙ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሴስና 172 ስበርም ስጠግንም ስለኖርኩ ምሳሌዎቼ ከእሷ ናቸው። የእናንተ ሌላ ዓይነት ከሆነ የራሷን መጽሐፍ እዩ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ የግል አብራሪ ፈቃድ አለኝ። ከኮምቦልቻ ተነስቼ ባለቤቴንና ሁለቱን ልጆቼን ደሴን ከላይ ላሳያቸው አስቤያለሁ። ወንበሩ አራት ነው፣ ምን ችግር አለው?

መልስ፦ ወንበሩ አራት መሆኑ አራት ሰው ከነሙሉ ነዳጁ ያነሳል ማለት አይደለም። ኮምቦልቻ ላይማ ጭራሽ።

ማረፊያው ከባሕር ወለል በላይ 1,860 ሜትር ገደማ ነው። በዚያ ከፍታ መደበኛ የሚባለው ሙቀት 3 ዲግሪ ነው። ከሰዓት 28 ዲግሪ ሲሆን አየሩ ይሳሳል። ለሞተሩም ለክንፉም 2,800 ሜትር ላይ እንደመሆን ነው። 160 የፈረስ ጉልበት የተባለው ሞተር 120 ቢሰጥህ ነው። ፍጥነት መለኪያው ላይ የምትነሳው በዚያው በ55 ኖት (በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ገደማ) ነው። መሬት ላይ ግን ወደ 15 በመቶ ፈጥነህ ነው የምትሮጠው። ስለዚህ መንደርደሪያው ይረዝምብሃል።

የባሰው ከተነሳህ በኋላ ነው። ደሴ ከማረፊያው 600 ሜትር ያህል ከፍ ትላለች፤ በቀጥታ መስመር ደግሞ ከ15 ኪሎ ሜትር አትርቅም። በሙቀት የተጫነች 172 በደቂቃ 90 ሜትር ከወጣች ጎበዝ ናት። 600 ሜትር ለመውጣት ሰባት ደቂቃ ያህል ያስፈልጋታል። በሰባት ደቂቃ ውስጥ ወደ 18 ኪሎ ሜትር ትሄዳለች። ሒሳቡን አየኸው? ከፍታው ሳይሞላልህ የሐረጎ ዳገት ፊትህ ላይ ነው። ሲኖትራክ ማርሽ ቀንሶ እየጎተተ ይወጣዋል፤ አንተ የምትቀንሰው ማርሽ የለህም።

ስለዚህ ሜዳው ላይ እየዞርክ ከፍታህን ያዝ፣ ከዚያ ወደ ደሴ አቅና። በማለዳ ሂድ። ከሰዓት ነፋስ ካለ ከተራራው ጀርባ ያለው አየር ቁልቁል ይጫናል። ሸንተረሩንም ፊት ለፊት አትግጠመው፤ በ45 ዲግሪ አግድመህ ቅረበው። ካልሆነልህ በትንሽ መታጠፍ ትመለሳለህ። ቤተሰቡን በሁለት ዙር ውሰዳቸው። አብሽር፣ አይቀየሙህም።

ጥያቄ፦ ለመነሳት ሚክስቸሩን (ነዳጁን ከአየሩ ጋር የሚመጥነውን ማንሻ) እስከ ጫፍ ገፍተን ነው የተማርነው። ኮምቦልቻ ላይ ሞተሩ ይንቀጠቀጥብኛል። ካንዴላ ነው?

መልስ፦ ካንዴላውን ከመፍታትሽ በፊት ሚክስቸሩን ተመልከቺ። የተማርሽው ለባሕር ዳርቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ያው ነዳጅ ይበዛበታል፣ ሞተሩም ይታፈናል። የ172 መጽሐፍ ከ3,000 ጫማ በላይ ካለ ማረፊያ ስትነሺ ነዳጁን አሳሺ ይላል። ኮምቦልቻ ከ6,000 ጫማ በላይ ነው። ፍሬን ይዘሽ ሙሉ ጋዝ ስጪ፣ ዙሩ ከፍተኛው ላይ እስኪደርስ ሚክስቸሩን ቀስ እያልሽ ሳቢ። ያኔም ከተንቀጠቀጠ ማግኔቶዎቹን፣ ለካንዴላዎቹ እሳት የሚሰጡትን ሁለቱን፣ አንድ በአንድ ሞክሪ። አንዱ ላይ ብቻ ከተዛባ፣ አዎ፣ ከካንዴላ ጀምሪ። መሬት ላይ ነዳጅ አብዝቶ መንዳት ራሱ ካንዴላ በጥቀርሻ ይሞላል።

ጥያቄ፦ ከማደያ ቤንዚን መቅዳት አይቻልም?

መልስ፦ ለአንዳንድ አሮጌ ሞተሮች ፈቃድ አለ። ወረቀቱ በእጅህ ከሌለ አይሆንም። ኤታኖል የተቀላቀለበት ከሆነ ላስቲኮቹን ይበላል። የመኪና ቤንዚን ከፍታና ሙቀት ሲገናኙ ቱቦው ውስጥ ይተናል፣ ሞተሩም ነዳጅ ያጣል። የሚቀዳው አቭጋስ ነው፤ 100ኤልኤል የሚባለው ቀለሙ ሰማያዊ ነው። ለትልልቆቹ የሚቀዳው ጄት ኤ-1 ግን ኬሮሲን ነው። በስህተት ከገባልህ ሞተሩ ይነሳና አየር ላይ ይገልሃል። ሲቀዳ አጠገቡ ቁም። አቭጋስ በየማረፊያው ስለማይገኝ የመመለሻህንም ቀድመህ አስብ።

ጥያቄ፦ ክረምቱን አንበርም። በየሳምንቱ እየቀሰቀስን አሥር አሥር ደቂቃ እናሞቀዋለን። ይበቃል?

መልስ፦ ተዉት! ይህን ሁሉም ያደርገዋል፣ ሁሉም ሞተሩን ይጎዳል። ሞተር ሲነድ ውሃ ያመነጫል። ዘይቱ በደንብ ሳይሞቅ ካጠፋችሁት ያ ውሃ አይተንም፣ እዚያው ይቀራል። የላይካሚንግ ሞተር (ብዙዎቹ 172 ላይ ያለው) ደግሞ ካምሻፍቱ፣ ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ፣ ከላይ ነው። ቆሞ ሲሰነብት ዘይቱ ወርዶ ብረቱ ራቁቱን ይቀራል፣ ዝገት ይጀምረዋል።

ወይ አንስታችሁ አንድ ሰዓት ያህል ብረሩ፣ ወይ በማቆያ ዘይት በደንብ አሽጉት። ከማቆማችሁ በፊት ዘይቱን ቀይሩ፤ አሮጌ ዘይት አሲድ አለበት። ታንኩን ሙሉት። ግማሽ ታንክ ባዶ ቦታው ላይ እርጥበት ያጠራቅማል። የፍጥነት መለኪያውን ቱቦ ሸፍኑት፣ ተርብ ጭቃ ይሠራበታል። መስከረም ላይ ስትመለሱ ከታንኩ ሥር በብርጭቆ ቅዱና እዩ። ውሃ ከቤንዚን ስለሚከብድ ከታች ይተኛል። እስኪጠራ ድረስ ደጋግሙ። ሰማያዊነቱንም በነጭ ነገር ላይ አስጠግታችሁ አረጋግጡ። ሙሉ ብርጭቆ ውሃም ጥርት ያለ ነው፤ ሰው የሚሸወደው እዚያ ላይ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 16 ዓመቱ ነው፣ መቼ ይጀምር?

መልስ፦ ሐጂ፣ መማር አሁንም ይችላል። በዓለም አቀፉ ደንብ ለግል ፈቃድ ትንሹ ዕድሜ 17፣ ትንሹ የበረራ ልምድ 40 ሰዓት ነው። መጀመሪያ ግን የሐኪም ምርመራውን ያሳልፉት። ገንዘብዎን ከከፈሉ በኋላ ዓይኑ ባይፈቅድ ያሳዝናል።

ጥያቄ፦ አገራችን ውስጥ ተሠርታ ከጣሊያን የተመለሰችው አውሮፕላን «ፀሐይ» ምን ዓይነት ሞተር ነበራት?

መልስ፦ ጥር 2016 የገባችው ማለትህ ነው። ዋልተር ቬኑስ ይባላል። ሰባት ሲሊንደሮቹ በክብ የተደረደሩ፣ 115 የፈረስ ጉልበት ገደማ። በ1928 ዓ.ም. የበረረችው ከአቃቂ ነው፣ ከ2,000 ሜትር በላይ። ከዚያ ጉልበት ውስጥ ስንቱ እንደቀረላት ከላይ ካለው ሒሳብ ገምተው። ያበረሯትን አደንቃለሁ።

ጥያቄ፦ ያገለገለ 172 አገኘሁ። ሞተሩ ከታደሰ 300 ሰዓት ብቻ ነው የሠራው ይላሉ። ልግዛ?

መልስ፦ በስንት ዓመት? ሞተሩ በየ2,000 ሰዓቱ ወይም በየ12 ዓመቱ ይታደስ ይባላል፣ ከሁለቱ በቀደመው። በ15 ዓመት 300 ሰዓት ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ቆሞ ነበር ማለት ነው። እኔ በየሳምንቱ የበረረ 1,200 ሰዓት ሞተር እመርጣለሁ። የዘይት ፊልትሮውን አስቆርጠህ ብረት እንዳለበት እይ። የሲሊንደሮቹን ግፊት አስለካ። ፕሮፔለሩ ጠርዝ ላይ በጠጠር የተጎረደ ካለ ሳይሞረድ አትነሳ፣ ስንጥቅ ከዚያ ነው የሚጀምረው። የሞተሩን ደብተር ገጽ በገጽ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ አይልሃለሁ።