የጌም የብቻ ክፍልን ለመገምገም ለተነሳው ወንድማችን፦ በመጀመሪያ የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀል

ሰላም ወንድሜ። «ፕሌይስቴሽን 4 አለኝ፤ በአማርኛ የጌም ግምገማ መሥራት ልጀምር ነው። የአንድን ጌም የብቻ ጨዋታ፣ ካምፔይኑን ማለቴ ነው፣ ለመገምገም ስንት ሰዓት መጫወት ይበቃል? ከ10 ስንት ብዬ ነው ውጤት የምሰጠው?» ብለህ ጠይቀሃል። ካሜራና ማይክሮፎን ስለ መምረጥ ሌሎች ይምከሩህ። እኔ በዚህ ሥራ ላይ በጽሑፍም በቪዲዮም ዓመታት ቆይቻለሁና ከፈረንጆቹ ግምገማ የማታገኘውን ልንገርህ። የጌሞቹን ዓመት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው።

1. ከመጀመርህ በፊት የኢንተርኔቱን ገመድ ንቀል፣ ዋይፋዩንም አጥፋ። ከዚያ ጌሙን ክፈት። ይከፈታል? ታሪኩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ያጫውትሃል? ያገኘኸውን ነጥብና መሣሪያ ይመዘግብልሃል? የግምገማህ የመጀመሪያ አንቀጽ የዚህ መልስ ይሁን። «ለብቻ የሚጫወቱት» ተብሎ የተሸጠ ጌም ሁሉ ለብቻህ የሚተውህ እንዳይመስልህ። የመኪና ውድድሩ ጌም ግራን ቱሪስሞ 7 በማርች 2022 አንድ አፕዴት (በኢንተርኔት የሚመጣ ማሻሻያ) ተበላሽቶበት ሰርቨሩ፣ ጌሙ በኢንተርኔት የሚገናኘው የኩባንያው ኮምፒውተር፣ ከ30 ሰዓት በላይ ተዘግቶ ነበር። በዚያ ሁሉ ሰዓት ዲስኩን በገንዘቡ የገዛ ሰው፣ ከኮምፒውተር ጋር ብቻውን የሚወዳደር ሰው፣ ከጥቂት ነገር በቀር መጫወት አልቻለም። በ2016 የወጣው ሂትማን፣ ቅጥረኛ ገዳይ ሆነህ የምትጫወተው፣ ደግሞ ያለ ኢንተርኔት ይከፈትልሃል፤ ነገር ግን እየተካንክ ስትሄድ የሚሰጥህን አዲስ መሣሪያና መነሻ ቦታ አይቆጥርልህም። ዘ ክሩ የሚባለው የመኪና ጌም ሙሉ ታሪክ ያለው የብቻ ክፍል ነበረው። በዲሴምበር 2014 ወጣ፣ በማርች 31 ቀን 2024 ሰርቨሩ ተዘጋ፤ ከዚያ በኋላ ዲስኩ በእጅህ ቢኖርም የምትጫወተው ነገር የለም።

ይህን ነገር ከጽሑፍ አይደለም የተማርኩት። በሰኔ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ተቋርጦ ሦስት ሳምንት ገደማ ሲቆይ የት ነበርክ? እኔ ቤቴ ነበርኩ። በመደርደሪያዬ ላይ ካሉት ጌሞች የትኛው እንደሚከፈትና የትኛው ደጁን እንደሚዘጋብኝ አንድ በአንድ ያየሁት ያን ጊዜ ነው። በውጭ አገር ገምጋሚዎች ከፍተኛ ነጥብ የተሰጣቸው ጌሞች «ከሰርቨር ጋር መገናኘት አልተቻለም» ከሚል ጽሑፍ አላለፉም። ያልተወራላቸው ግን ተከፍተው አጫወቱኝ። የውጭ ገምጋሚ ይህን አይጽፍም፤ የእሱ ኢንተርኔት አይቋረጥም። እኔና አንተ ካልጻፍነው ደግሞ ለአገራችን ሰው የሚጽፍለት የለም።

2. የገመገምከው በየትኛው ማሽን ላይ እንደሆነ በግልጽ ተናገር፤ የሌለህንም ማሽን ሥሪት «ያው ነው» ብለህ አትለፍ። በእኛ ከተማ ፕሌይስቴሽን 3 ገና በየሰፈሩ ነበር የተኩስ ጌሙ ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ብላክ ኦፕስ 3 በ2015 ሲወጣ። የፕሌይስቴሽን 3ና የኤክስቦክስ 360 ሥሪቱ ካምፔይን የሚባል ነገር አልነበረውም። ስሙ አንድ ነው፣ የሽፋኑ ሥዕል አንድ ነው፣ ውስጡ ግን የብቻው ታሪክ ተቆርጦ ወጥቷል። በዓመቱ ፊፋ 17 መጣ። አሌክስ ሃንተር የሚባል ወጣት ተጫዋች ይዘህ ከታዳጊነት ወደ ፕሪሚየር ሊግ የምታድግበት «ዘ ጆርኒ» የተባለ የብቻ ክፍል ነበረው። እርሱም በፕሌይስቴሽን 3 ላይ አልነበረም። ስንት ሰው ስለ አሌክስ ሃንተር ሰምቶ፣ ዲስኩን ገዝቶ፣ ቤቱ ገብቶ ፈልጎ አጣው! ሻጩም አያውቅም፣ ገምጋሚውም አልነገረውም።

በዚህ ጉዳይ ላይ ነው እኔ ከሥራ የተባረርኩት፤ ስለዚህ በደንብ ስማኝ። ለአንድ ድረ ገጽ የጌም ገጽ እጽፍ ነበር። አዘጋጁ በሕይወቱ ጆይስቲክ የጨበጠ ሰው አይመስለኝም፤ ጌም ማለት ለእርሱ አንባቢ የሚስብ አርዕስት ነው። ሳይበርፐንክ 2077 በዲሴምበር 10 ቀን 2020 ሊወጣ ሲል ከውጭ የተሰበሰቡት ነጥቦች እጅግ ከፍተኛ ነበሩ። አዘጋጁ ጠራኝና «የእነዚህን ፍሬ ሐሳብ አውጣና ጌሙ በወጣበት ማታ እንዲደርሰኝ፤ 9 ስጠው» አለኝ። እኔ ግን አንድ ነገር አስተውዬ ነበር። ከመውጣቱ በፊት ለገምጋሚዎች የተሰጠው የኮምፒውተሩ ሥሪት ብቻ ነው። በቪዲዮ የሚያሳዩትም ራሳቸው የቀረጹትን ሳይሆን ጌሙን የሠራው ኩባንያ የሰጣቸውን ነው። የፕሌይስቴሽን 4ን ሥሪት አንድም ሰው አላየውም። አንባቢዎቻችን ደግሞ የያዙት ፕሌይስቴሽን 4 ነው። «በእርሱ ላይ ሳልጫወት ቁጥር አልጽፍም» አልኩት።

የመለሰልኝን እስከ ዛሬ አልረሳውም። «አንባቢው የሚያየው ቁጥሩን ነው። ጽሑፉን የሚያነበው አንተ ብቻ ነህ» አለኝ። ሰው በተሰበሰበበት ነው የተናገረው። በማግስቱ ግምገማው በሌላ ሰው ስም ወጣ፤ 9 ከ10። ሳምንት ሳይሞላ ኩባንያው ራሱ ይቅርታ ጠይቆ ገንዘብ ለመመለስ ቃል ገባ፤ በሳምንቱ ገደማ ደግሞ የፕሌይስቴሽን ባለቤት ሶኒ ጌሙን ከኢንተርኔት መደብሩ አወረደው። እስከ ጁን 2021 ድረስም አልተመለሰም። በአሮጌው ፕሌይስቴሽን 4 ላይ ያን ጊዜ ምስሉ ይንቀረፈፍ ነበር፣ የሰው ፊት ዘግይቶ ነበር የሚሞላው፣ ጌሙ በመካከል ይዘጋ ነበር። ከአንባቢዎቻችን አንዱ እኅቱ ከዱባይ በ60 ዶላር ገዝታ ልካለት ነበር። ለማን ይመልስ? ደረሰኙ ዱባይ፣ ዲስኩ አዲስ አበባ። ደውሎ የተናገረው ለእኔ ነው፤ ለአዘጋጁ አይደለም። እኔ ግምገማውን አለመጻፌን ሲሰማ «አንተ ብትጽፈው ኖሮ አልገዛም ነበር» አለኝ። በዚህ ሥራ ከተከፈለኝ ሁሉ ይህ ይበልጥብኛል። የሠራሁበትን የመጨረሻ ክፍያ አዘጋጁ እስካሁን አልሰጠኝም፤ ሁለት ጊዜ ሄጄ ጠይቄ በጥበቃው በኩል ነው መልስ የተሰጠኝ። እንዲህ ያለ ሰው አንተንም ይጠራሃል። ገጽህ ትንሽ ሲታወቅ ይጠራሃል። ቁጥሩን አስቀድሞ የሚነግርህ ሰው ዘንድ አትግባ።

3. መብራት። ይህንን ማንም አይነግርህም። በአንተም ሰፈር እንደ እኔ ሰፈር መብራት ሳይናገር ይሄዳል ብዬ ነው የምጽፍልህ። ስለዚህ አንድ ጌም መቼ መቼ ሴቭ እንደሚያደርግ፣ የደረስክበትን እንደሚያስቀምጥልህ ማለቴ ነው፣ መመዝገብ አለብህ። እኔ ስጫወት ደብተር አጠገቤ አለ፤ በማያ ገጹ ጥግ የሴቭ ምልክቱ በዞረ ቁጥር ሰዓቱን እጽፋለሁ። በሁለት ምልክቶች መካከል ረጅሙ ጊዜ ስንት ደቂቃ ነው? እርሱን ለአንባቢ ንገረው። ኤሊየን፦ አይሶሌሽን (2014)፣ አንድ አውሬ የሚያሳድድህ የፍርሃት ጌም፣ የሚያስቀምጥልህ ግድግዳ ላይ ካሉት መሣሪያዎች አጠገብ ስትደርስ ብቻ ነው፤ ካርድህን ሰክተህ፣ መብራቶቹ አንድ በአንድ እስኪበሩ ጠብቀህ፣ ያን ጊዜም አውሬው ከኋላህ ሊመጣ ይችላል። ለፍርሃቱ ግሩም ነው፤ ከጌሙ ምርጥ ሐሳቦች አንዱ ነው እላለሁ። ነገር ግን ግማሽ ሰዓት በካቢኔ ውስጥ ተደብቀህ፣ በእጅህና በጉልበትህ እየዳህክ መጥተህ፣ መሣሪያው ሊደረስበት ሲል ጨለማ ቢሆን ያ ሁሉ ድካም ጠፋ። ኪንግደም ከም፦ ዴሊቨራንስ በ2018 ሲወጣ በፈለግህበት ሰዓት ለማስቀመጥ አንድ ዓይነት መጠጥ ገዝተህ ወይም ጠምቀህ መጠጣት ነበረብህ። ተጫዋቾች አጥብቀው ስለጮኹ በኋላ በአፕዴት አስቀምጦ መውጣትን ጨመሩበት። ዳርክ ሶልስ ግን፣ ያ ሁሉ ሰው በክብደቱ የሚፈራው ጌም፣ እያንዳንዱን እርምጃህን ራሱ ያስቀምጣል፤ መብራት ሄዶ ሲመለስ ከቆምክበት አጠገብ ታገኘዋለህ። ለእኛ ሰው ከእነዚህ የትኛው ይከብዳል? በውጭ ግምገማ «ከባድ» የተባለው በእኛ ቤት ቀላል የሚሆንበት ጊዜ አለ፤ ይህን መናገር የአንተ ድርሻ ነው።

አሁን ወደ ሰዓቱ ጥያቄህ። መልሴ አጭር ነው፦ የሠሩት ሰዎች ስም ዝርዝር ወርዶ እስኪያልቅ። ከዚያ በፊት የሰጠኸው ፍርድ ፍርድ አይደለም። ሜታል ጊር ሶሊድ 5ን (2015) የመጀመሪያውን ምዕራፍ ብቻ ተጫውተህ ብትጽፍ በዘመኑ አቻ የለውም ትላለህ፤ እውነትም ነው። ሁለተኛው ምዕራፍ ላይ ግን ቀደም ሲል የጨረስካቸው ተልእኮዎች ክብደታቸው ተጨምሮ ይመለሱልሃል። ታሪኩን የሚዘጋው ተልእኮ ደግሞ ሳይጠናቀቅ ቀርቶ፣ በውዱ እትም ተጨማሪ ዲስክ ላይ እንደ ቪዲዮ ነው የታየው። ይህን የሚያውቀው የጨረሰ ሰው ብቻ ነው።

ነገር ግን «ስንት ሰዓት ይፈጃል» የሚለውን መለኪያ አታድርገው። ዘ ኦርደር፦ 1886 በ2015 ሲወጣ ሰው ሁሉ «አምስት ሰዓት ብቻ ነው» እያለ ተጨቃጨቀ። የጌሙ ችግር ማጠሩ አይደለም። ከመጫወት ይልቅ የሚታየው ስለሚበዛ፣ ጆይስቲኩ በእጅህ እያለ ተመልካች ስለሚያደርግህ ነው። ታይታንፎል 2 (2016) ደግሞ በስድስት ሰዓት ገደማ ያልቃል፤ አንድ ሰው እንኳ አጠረ ብሎ ሲያማርር አልሰማሁም። በውስጡ «ኤፌክት ኤንድ ኮዝ» የሚባል አንድ ተልእኮ አለ። ክንድህ ላይ መሣሪያ ታስራለህ፤ አንድ ቁልፍ ስትጫን የፈራረሰውና የተቃጠለው ሕንፃ ወደ ቀድሞ ዘመኑ ይመለሳል፣ ኮሪደሩ ያበራል፣ ዘበኞች ቆመዋል። እንደገና ስትጫን ፍርስራሹ ይመጣል። በግድግዳ ላይ እየሮጥክ ግድግዳው ያልቃል፤ አየር ላይ እያለህ ዘመኑን ትቀይራለህ፤ በሌላው ዘመን ያለው ግድግዳ ከእግርህ ሥር ይገኛል። ተልእኮው ሲያልቅ የመሣሪያውም ነገር ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ አታገኘውም። ሌላ ኩባንያ ይህን አንድ ሐሳብ አርባ ሰዓት ይጎትተው ነበር። ጥሩ የብቻ ጨዋታ የምለው ይህን ነው፤ ሐሳብ ያመጣል፣ ያስተምርሃል፣ ይፈትንሃል፣ ሳይሰለችህ ያነሳዋል።

የዚህ ተቃራኒ ለኦንላይኑ ከተሠራው በተረፈ ዕቃ የተሰፋ ካምፔይን ነው። ዓይንህ ይህን እንዲለይ አሠልጥነው። የ2023ቱ ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ሞደርን ዋርፌር 3 «ክፍት የውጊያ ተልእኮ» ያላቸው ክፍሎች አሉት፤ ሰፊ ሜዳ ላይ ይጥልሃል፣ መሣሪያ በየሳጥኑ ተበትኗል፣ ወደ ሦስት አራት ምልክት ሂድ ይልሃል። ለኦንላይን ውጊያ የተሠራው ሜዳ ነው፤ ሌሎቹን ተጫዋቾች አውጥተው አንተን ብቻህን አስገቡህ። እኛ ይህን ለመለየት እንቸገራለን፤ ምክንያቱን አውቀዋለሁ። አብዛኞቻችን ጌም የለመድነው በፕሌይስቴሽን ቤት ነው፤ በየጨዋታው ከፍለን፣ ሁለት ሆነን፣ ተሸናፊ ሲነሳ ተረኛ እየተቀመጠ። ታሪክ ያለው ጌም የከፈተ ልጅ ወረፋ ዘጋ ተብሎ ይነሳ ነበር። ስለዚህ ፍጥነትና ሽንፈት እናውቃለን፤ ለብቻ ተቀምጦ አንድን ቦታ ማየት፣ ገጸ ባሕርይ ለምን እንዲህ አደረገ ብሎ መጠየቅ አልተለማመድንም። በመጀመሪያዎቹ ግምገማዎችህ ላይ ራስህን በዚህ ተቆጣጠር።

ስለ ነጥቡ፦ ቁጥር ከሰጠህ ለብቻ ክፍሉ የራሱን ስጥ፣ ከኦንላይኑ ጋር አታዳምረው። ኮል ኦፍ ዲዩቲ፦ ብላክ ኦፕስ 4 (2018) የተለመደው ካምፔይን ጨርሶ የለውም፤ የኦንላይኑ ውጊያ ግን በጣም ተወዷል። አንድ ላይ 8 ብትለው ለዋይፋይ ባለቤቱ ልክ ነው፤ ባሕር ዳር ዳርቻ ያለ ኢንተርኔት ለተቀመጠው ልጅ ግን ባዶ ሣጥን አስገዛኸው። የተጫወትክበትንም የክብደት ደረጃ ጻፍ፤ በቀላሉ የጨረስከውን ጌም በከባዱ እንደጨረስክ አድርገህ አትፍረድ።

ለመጀመሪያ ሥራህ ታይታንፎል 2ን ውሰድ። አሮጌ ስለሆነ ያገለገለ ዲስክ በርካሽ ታገኛለህ፣ አጭር ስለሆነ እስከ መጨረሻው ትደርሳለህ፣ አዲስ ስላልሆነም ማንም አያጣድፍህም። ገመዱን ነቅለህ ጀምር፤ የሆነውን ሁሉ፣ ያልተከፈተም ነገር ካለ፣ ጻፍ። ስትጨርስ እዚሁ ለጥፈው። እኔ በቅድሚያ የማነበው ስለ ሴቭ የጻፍከውን አንቀጽ ነው።