ቴሌግራም ላይ ስልክ ቁጥርን ስለመደበቅ (መልስ)

መንዝ ውስጥ ካለችው ከመሐል ሜዳ ከተማ ሆነሽ ባና (የሱፍ ብርድ ልብስ) በቴሌግራም ግሩፕ እንደምትሸጪ፣ ሌሊትም እየደወሉ የሚረብሹሽ ሰዎች እንዳሉ ነግረሽኝ ቁጥርሽን እንዴት እንደምትደብቂ ጠይቀሽ ነበር። ግሩፑ ውስጥ የማታውቂያቸው ሰዎች ቁጥርሽን እንዳያዩ የሚከለክለው ማስተካከያ ይህ ነው፦

1. ሴቲንግስ፣ ቀጥሎ ፕራይቬሲ ኤንድ ሴኪዩሪቲ፣ ከዚያ ፎን ናምበር ክፈቺ።
2. ቁጥርሽን ማን እንደሚያይ ሲጠይቅሽ ኖባዲ የሚለውን ምረጪ።
3. ወዲያው ከሥር ሌላ ጥያቄ ይመጣል፤ በቁጥርሽ ፈልጎ ማን ያግኝሽ የሚል። ማይ ኮንታክትስ አድርጊው። ብዙ ሰው ይህችን ይዘላታል፤ ከተዘለለች ግን ቁጥርሽን ስልኩ ላይ የመዘገበ ሁሉ አካውንትሽን ያገኘዋል።

ለደንበኞች ዩዘርኔም (በቁጥር ፋንታ የሚያገኙሽ መለያ ስም) ክፈቺና እሱን ብቻ ስጪ።

ቁጥርሽን አስቀድመው የመዘገቡት ግን በመደበኛ ስልክ መደወላቸውን አያቆሙም። ሌሊት የሚረብሹሽ እነዚያ ከሆኑ ለንግዱ ሌላ ሲም ካርድ ማውጣት ይሻላል። ሲም የሚወጣው በመታወቂያ ስለሆነ የሚሰውርሽ ከገዢ ብቻ ነው፤ ከቴሌኮም ድርጅቱ አይደለም።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። ደብረ ብርሃን ያለ ነጋዴ የብርድ ልብስ ፎቶ በፋይል መልክ ልኮልኝ ዝርዝሩን ስከፍተው የቤቱ ቦታ በካርታ ላይ ወጣ። በተራ ፎቶ መልክ ሲላክ ቴሌግራም ይህን መረጃ ያጠፋዋል፤ በፋይል ሲላክ ግን እንዳለ ይሄዳል። የካሜራሽን የቦታ ምዝገባ አጥፊው። ባናውንም አጥር ላይ ሰቅለሽ ፎቶ አታንሺ፤ መሐል ሜዳ ላይ አጥሩን በፎቶው ያየ ሰው የማን ግቢ እንደሆነ ለማወቅ ካርታ አያስፈልገውም።