ጥያቄና መልስ፦ ከአዳማ ወደ ፍራንክፈርት፣ ከሦስት ዓመት ልጅ ጋር

ጥያቄ፦ ባለቤቴ ፍራንክፈርት ይሠራል። ቪዛችን ስለወጣ በመስከረም ከልጃችን ከፅዮን ጋር እንሄዳለን። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ይሆናታል፣ የምትችለው አማርኛ ብቻ ነው፣ ከእኔና ከአያቷ ተለይታም አታውቅም። እንደደረስኩ ቋንቋ ተምሬ ሥራ መጀመር እፈልጋለሁ። ከአዳማ ሳልነሳ ምን ልጨርስ? እዚያስ ከምን ልጀምር?
የፅዮን እናት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እዚያ ከሚጠብቅዎት ጣጣ ብዙው የስምና የቀን ጣጣ ነው፤ እሱ ደግሞ እዚሁ አዳማ ሳሉ ይቀላል።

የእኛ ሰው በአባቱና በአያቱ ስም ስለሚጠራ የእርስዎ፣ የባለቤትዎና የልጅዎ የመጨረሻ ስም ለየቅል ነው። የጀርመን ቢሮ ቤተሰብን የሚያውቀው በጋራ ስም ነውና «ልጅቷ የእርስዎ ናት?» መባልዎ አይቀርም። የልደትና የጋብቻ ምስክር ወረቀቶቹን በእጅ ቦርሳ ይያዙ፤ ሻንጣ ውስጥ አይክተቷቸው። ፊደሉንም ያመሳክሩ። ፅዮን በአንዱ ወረቀት በ«ቲ» እና «ኤስ»፣ በሌላው በ«ኤስ» ብቻ ከተጀመረ ለእኛ አንድ ልጅ ናት፣ ለእነሱ ግን ሁለት። ለትርጉም ገንዘብ ከማውጣትዎ በፊት ባለቤትዎ ቢሮውን ይጠይቁ፤ ብዙ ጊዜ የሚፈለገው ጀርመን ውስጥ ቃለ መሐላ የፈጸመ ተርጓሚ የሠራው ነው።

የክትባት ካርዱ ከሁሉ ይበልጣል። ከመጋቢት 2020 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ሕግ፣ ሁለት ዓመት የሞላው ልጅ የኩፍኝ ክትባት ሁለት ጊዜ መውሰዱ ካልተረጋገጠ የሕፃናት መዋያ አይቀበለውም። እኛ አገር በ9 እና በ15 ወር ይሰጣል፤ ሁለተኛውን የሚዘነጋ ወላጅ ግን ብዙ ነው። ካርዱ ላይ ከሌለ ጤና ጣቢያው መዝገቡን አይቶ እንዲሞላልዎ ወይም እንዲከትባት ያድርጉ። ቀኖቹም በእኛ አቆጣጠር ብቻ ከተጻፉ የጀርመኑ ሐኪም ልጅቷ ሳትወለድ የተከተበች ይመስለዋል። ከጎናቸው የፈረንጁን ቀን አስጽፈው ማኅተም ያስደርጉ። ሲያሰሉ ይጠንቀቁ፤ ጳጉሜ 2015 ስድስት ቀን ስለነበራት እስከ የካቲት 21 ቀን 2016 ድረስ ያለው ሁሉ በአንድ ቀን ይገፋል። ጥር 13 ቀን 2016 ጃንዋሪ 21 ሳይሆን 22 ቀን 2024 ነው። የሳንባ ነቀርሳ ክትባት ጠባሳዋንም ለሐኪሙ ያሳዩ። እዚያ ይህ ክትባት በመደበኛነት አይሰጥም፤ የቆዳ ምርመራ ቢደረግላትም በክትባቱ ምክንያት ብቻ ሊያብጥ ይችላል።

ሲደርሱ መጀመሪያ የነዋሪነት ምዝገባ ነው፤ ቤት በገቡ በሁለት ሳምንት ውስጥ መፈጸም አለበት። ፓስፖርት፣ የልደትና የጋብቻ ወረቀት፣ አከራዩ የፈረመበት የመኖሪያ ማረጋገጫም ይጠየቃሉ። ከዚያ የእርስዎም የልጅቷም የግብር መለያ ቁጥር በፖስታ ይመጣል። እዚህ ላይ ብዙ የእኛ ሰው ይሰናከላል፦ የፖስታ ሳጥኑ ላይ የተለጠፈው የባል ስም ብቻ ስለሚሆን ፖስተኛው የእናትንና የልጅን ደብዳቤ ይዞት ይመለሳል። ሦስቱንም ስም ይለጥፉ። ያለ ቁጥሩ የልጅ አበል አይገኝም። አበሉ በ2026 እ.ኤ.አ. በወር 259 ዩሮ ነው፤ ዘግይተው ቢያመለክቱ ወደኋላ የሚከፈልዎ የስድስት ወሩን ብቻ ነው። የጤና መድን ቀላል ነው፤ ባለቤትዎ በመንግሥታዊው መድን ውስጥ ከሆኑ ገቢ የሌላችሁ እናንተ ያለ ተጨማሪ ክፍያ ትገባላችሁ።

አሁን ወደ ከባዱ፣ «ኪታ» ወደሚሉት መዋያ። ልጅ አንድ ዓመት ከሞላው ጀምሮ ቦታ የማግኘት መብት አለው፤ መብት ግን ወንበር አይደለም፣ ወረፋው ረጅም ነው። ባለቤትዎ ዛሬውኑ ያስመዝግቧት። ፍራንክፈርት ባለችበት ሄሰን ከሦስት ዓመት በላይ ላሉ ልጆች በቀን ስድስት ሰዓት ነፃ ነው፤ ምሳው ይከፈላል።

ቦታው ሲገኝ ልጅን አድርሶ መመለስ የለም። ብዙ መዋያዎች በሚከተሉት አሠራር፣ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ወላጅ አንድ ሰዓት ያህል አብሮ ይቀመጣል፣ መለያየት አይሞከርም። በአራተኛው ቀን ተሰናብተው ቢበዛ ለግማሽ ሰዓት ከክፍሉ ይወጣሉ። ሞግዚቷ አባብላ ዝም ካሰኘቻት በየቀኑ ይረዝማል፤ እንቢ ካለች ይመለሳሉ፣ ቀጣዩ ሙከራም ለቀናት ይዘገያል። አራተኛው ቀን ሰኞ ከሆነ ወደ ማክሰኞ ይገፋል፤ ከእረፍት ማግስት ልጅ ይከፋዋል። ሁሉም ነገር ከሁለት ሳምንት እስከ ስድስት ሳምንትና ከዚያም በላይ ይወስዳል። ተደብቆ መውጣት እኛ ዘንድ እንደ ዘዴ ይታያል፤ ልጅን የሚያስደነግጠው ግን እሱ ነው። በማግስቱ ቀሚስዎን አትለቅም። ስለዚህ የቋንቋ ትምህርቱን ከዚህ ጋር በአንድ ወር አይጀምሩ። ለሁለቱም ቸኩለው ሁለቱንም ከማጣት ትምህርቱን ለሁለት ወር ማዘግየት ይሻላል።

ዝናብ ሆነ ብርድ ልጆቹ ውጭ ይጫወታሉ። ውኃ የማያስገባ ሱሪ፣ የላስቲክ ቦት ጫማ፣ የቤት ውስጥ ነጠላ ጫማና ቅያሪ ልብስ ያስፈልጋታል፣ ሁሉም ላይ ስሟ ተጽፎ። ግን ከአዳማ አይግዙ፤ እዚያ ያገለገለው በርካሽ ይገኛል። ፀሐይ በታኅሣሥ ለስምንት ሰዓት ያህል ብቻ ስለምትታይ የቫይታሚን ዲ ነገር ከሕፃናት ሐኪሙ ጋር ይነጋገሩ።

ስለ ቀጠሮ አንድ ነገር፦ «ሀልብ ጼን» ሲሏችሁ «አስር ተኩል» አይደለም፤ ወደ አስር ግማሽ የቀረው ማለት ነው፣ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት ሦስት ተኩል። ቀጠሮ ያለፈበት ሰው ደግሞ ሌላ ለማግኘት ሳምንታት ሊጠብቅ ይችላል። ከሥራ ሰዓት ውጭ ልጅ ሲታመም 116117፣ ለሕይወት የሚያሰጋ ከሆነ 112 ይደውሉ።

ጥያቄ፦ ልጄና የአራት ዓመት የልጅ ልጄ ሽቱትጋርት ከገቡ አራት ወራቸው ነው። ልጁ መዋያው ውስጥ አንድ ቃል አይወጣውም አሉኝ። እናቱ «ቤትም በጀርመንኛ ላዋራው» ትላለች። እኔስ በስልክ በምን ላዋራው ነው? ቅቤና ቋንጣስ በሰው ብልክ ይገባል?
አያት፣ ከአዳማ

መልስ፦ እማማ፣ በአማርኛ ያዋሩት፤ እናቱም እንደዚያው። አዲስ ቋንቋ የገጠመው ልጅ ለወራት ዝም ብሎ ማዳመጡ የተለመደ ነው፣ አፉን የሚፈታው ሰምቶ ሲጠግብ ነው። እናቱ በተሰባበረ ጀርመንኛ ብታዋራው ስህተቷን ይወርሳል፣ ከእርስዎ ጋር ያለውም ይቋረጣል። የሚያሳስበው አማርኛውም ከቀነሰ ወይም ሲጠሩት ካልዞረ ነው፤ ያኔ ሐኪም ጆሮውን ይመርምርለት።

ቅቤ፣ አይብና ቋንጣ አይላኩ። የአውሮፓ ኅብረት ከውጭ በመንገደኛ የሚገባ ሥጋና የወተት ተዋጽኦ ይከለክላል፤ ከተገኘ ይወረሳል፣ ተሸካሚውም ሊቀጣ ይችላል። ማር እስከ ሁለት ኪሎ ይፈቀዳል። በርበሬና ሽሮ ለቤት የሚበቃ ያህል ይሂዱ፤ ሽሮው ግን ቅቤ ያልገባበት ይሁን።