ዝቅ ላለ መኪና የኋላ ጎማ፦ መጀመሪያ እጅህን ከውስጥ በኩል ስደድ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ኒሳን 350ዜድህን ሞላ ቀይረህ አራት ሴንቲ ያህል ዝቅ አድርገሃል። የኋላዎቹ 245/45 አር18 ጎማዎች ዓመት ሳይሞላቸው አለቁብህ። አንዱ ጓደኛህ «275 አስገባ» ይልሃል፣ ሌላው «255/40 ይበቃሃል» ይልሃል፣ አንተ ደግሞ የትኛው ብራንድ እንደሚሻል ትጠይቃለህ። እኔም ያንኑ መኪና በዚያው ከፍታ ነድቻለሁ፤ ነገሩ የገባኝ ሦስት ጥንድ ጎማ ከበላሁ በኋላ ነው። ብራንዱን ለመጨረሻ አቆየው።

ያለቀውን ጎማ ሳትጥል መኪናውን በክሪክ አንሣ፣ ድጋፍ አስገባለት፣ ጓንት አድርግና እጅህን ከጎማው ጀርባ፣ በዲፈረንሻሉ (ኃይሉን ለሁለቱ የኋላ ጎማዎች በሚያከፋፍለው ሳጥን) በኩል ስደድ። ጓንቱን ያልኩህ በምክንያት ነው። እኔ ከውጭ ቆሜ ሳየው አምስት ሚሊ የሚሆን ጥርስ ነበረው፤ «ገና ነው» ብዬ ልተወው ነበር። በባዶ እጄ የውስጡን ጠርዝ ስዳስስ ሽቦው ጣቴን ወጋኝ። ሁለት ጣት በማይሞላ ስፋት ላይ ላስቲክ የሚባል ነገር አልቀረም። በዚያ ጎማ በዋዜማው በፍጥነት መንገድ ላይ ስበር ነበር የዋልኩት።

ቀጥለህ መዳፍህን ጥርሱ ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ አሳልፍ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ የሚከረክር ከሆነ ጎማህን የበላው የአላይመንት፣ ማለትም የጎማዎቹ ማዕዘን፣ መዛባት ነው። እንዲህ ከሆነ የፈለግከውን ብራንድ ብትገዛ በስምንት ወሩ እዚሁ እንገናኛለን።

መኪና ሲወርድ የኋላ ጎማዎች ከላይ በኩል ወደ ውስጥ ያዘነብላሉ፤ ኔጌቲቭ ካምበር የሚሉት ነው። ሰው ሁሉ ጥፋቱን እሱ ላይ ይለጥፋል። ካምበር ግን ሸክሙን ወደ ውስጠኛው ጠርዝ ይሰበስባል እንጂ ብቻውን ጎማን በዚህ ፍጥነት አይጨርስም። ጨራሹ ቶ ነው፤ ጎማው በመሄጃው መስመር ቀጥ ብሎ በማየት ፈንታ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ሲያይ ማለት ነው። ሒሳቡን አስበው፦ አንድ ጎማ ከመስመሩ በግማሽ ዲግሪ ብቻ ከወጣ፣ በእያንዳንዱ ኪሎ ሜትር ዘጠኝ ሜትር ያህል ወደ ጎን እየተፋቀ ነው የሚሄደው። ካምበሩ ደግሞ ያን ሁሉ ፍቅፋቂ በዚያች ሁለት ጣት ስፋት ላይ ያሳርፈዋል። ሁለቱ ሲተባበሩ ምን እንደሚሆን ጣቴ ይመሰክራል።

እኔ ሞላውን እንደቀየርኩ አላይመንት አሠርቼ ነበር እኮ! ወረቀትም ሰጥተውኝ ነበር። ከወራት በኋላ ወረቀቱን ሳገላብጠው የተስተካከለው የፊቱ ብቻ ነው፤ የኋላው ቁጥር ከሥራው በፊትም በኋላም ያው ቀይ፣ ማለትም ከልክ ውጭ፣ ነበር። አልጠየቅኩም፣ አልነገሩኝም። ስለዚህ የአራቱንም ጎማ ልኬት የያዘ ወረቀት ሳትቀበል ከጋራዡ አትውጣ። እኔ አሁን የምነዳው በኋላ ካምበር ከ1.5 እስከ 2 ዲግሪ ኔጌቲቭ፣ ቶ ደግሞ በየጎኑ 0.1 ዲግሪ ገደማ ወደ ውስጥ አድርጌ ነው። ቁጥሩ በግራና በቀኝ እኩል ይሁን። የኋላ ቶ ወደ ውጭ ከሆነ ጎማ መብላቱ ብቻ አይደለም፤ መኪናው በፍጥነት ላይ ጅራቱን ይነቀንቃል። የፋብሪካው ማስተካከያ ቡሎን ጫፍ ደርሶ እምቢ ካለ፣ ርዝመቱ የሚስተካከል የኋላ ሱስፔንሽን ክንድ ግዛ። ወጪው ያንገበግባል፣ ግን በየዓመቱ ጥንድ ጎማ ከመግዛት ይሻላል። አዲስ ሞላ በጊዜ ሂደት ትንሽ ስለሚረግብ፣ ከወር በኋላ ልኬቱን አንዴ አስደግመው።

አሁን ወደ ቁጥሩ። 245/45 ማለት ስፋቱ 245 ሚሊ፣ የጎኑ ከፍታ ደግሞ የዚያ 45 በመቶ፣ ማለትም 110 ሚሊ ነው። ሁለት ጎን አለ፤ በ18 ኢንች ቸርኬ ላይ ስትደምረው የጎማው ሙሉ ቁመት 678 ሚሊ ገደማ ይመጣል። 275/40 ብታሰላ 677 ነው፤ በቁመት አንድ ናቸው ማለት ይቻላል። 255/40 ግን 661 ነው። ይኼ 17 ሚሊ ትንሽ ይመስላል፣ ነገር ግን ፋብሪካው በፊት 225/45 ሲያስገባ (እሱ 660 ነው) የኋላውን ሆን ብሎ ወደ ሁለት ሴንቲ የሚጠጋ አስበልጦታል። የመንሸራተት መቆጣጠሪያው የአራቱን ጎማ ፍጥነት እያወዳደረ ነው የሚሠራው፤ ያንን ልዩነት ስታጠፋበት ሊወናበድ ይችላል። የፍጥነት መቁጠሪያህም ከእውነተኛው ከፍ አድርጎ ያነባል። ለዓይን ብለህ ካሰብከው ደግሞ ትንሹ ጎማ በፓራፋንጎው ሥር ያለውን ክፍተት መልሶ ያሰፋዋል። ታዲያ መኪናውን ለምን አወረድከው?

ስለዚህ 275 ይሁን? ቸርኬህ ከፈቀደ። 275/40 ቢያንስ የ9 ኢንች ቸርኬ ይፈልጋል። በ8 ኢንች ላይ ብትጭነው ይገባ ይሆናል፤ ግን ጎኑ እንደ ፊኛ ያብጣል፣ የጥርሱ መሐል ወደ ውጭ ይነፋል፣ መታጠፊያ ላይ መኪናው በጎማው ላይ ሲዋልል ይሰማሃል። «ሰፊ ጎማ የበለጠ ይይዛል» የሚለው እዚህ ጋ አይሠራም፤ በልኩ ቸርኬ ላይ የተወጠረ 245 ይበልጠዋል። ተገላቢጦሹን፣ ጠባብ ጎማ በሰፊ ቸርኬ ላይ መወጠሩን፣ ለፎቶ ካልሆነ አልመክርህም።

ሰፊ ቸርኬ ካለህ ደግሞ ጎማው በየጎኑ 15 ሚሊ እንደሚጨምር አስብ። በውስጥ በኩል ከሞላውና ከአሞርዛተሩ፣ በውጭ በኩል ከፓራፋንጎው ጠርዝ ጋር ስንት ጣት እንደቀረህ ለካ። እኔ የፓራፋንጎውን ጠርዝ በጠመኔ ቀብቼ፣ ከባድ ከባድ የሆኑ ሁለት ጓደኞቼን ጭኜ ጉብታ ላይ አሳለፍኩት። በአንዱ በኩል ጠመኔው ተጠርጎ ተገኘ፤ ጎማው እዚያ ይነካል ማለት ነው። ጓደኞቼ ግብዣ ጠየቁኝ፣ ሌላ ጉዳት የለም።

ብዙ ሰው የማያውቃትን አንዲት ዘዴ ደግሞ ልስጥህ። ይኼ መኪና የፊቱና የኋላው ጎማ ልክ ስለሚለያይ ከፊት ወደ ኋላ ማዟዟር አይቻልም። የቀረህ ግራና ቀኝ መለዋወጥ ነው። እሱም ከነቸርኬው ከሆነ ምንም አይጠቅምህም፤ ውስጡ ውስጥ ሆኖ ይቀራል። አቅጣጫ ያለው ጎማ ከሆነ ግን፣ ጎኑ ላይ የመዞሪያ ቀስት ያለበት ማለቴ ነው፣ ጎሚስታው ከቸርኬው አውልቆ የግራውን በቀኝ ቸርኬ ላይ ገልብጦ ሲገጥመው ቀስቱ እንደገና ወደ ፊት ያያል፤ የተበላው የውስጥ ጠርዝ ደግሞ ወደ ውጭ ይወጣል። በግማሽ ዕድሜው ላይ ይህን ብታደርግ ሁለቱም ጠርዝ ተካፍሎ ያልቃል። ጎኑ ላይ «ውጭ» የሚል ምልክት ያለበት ጎማ ግን እንዲህ አይገለበጥም። የምንወዳቸው ምርጥ የስፖርት ጎማዎች፣ ሚሸሊን ፓይለት ስፖርት 4ኤስን ጨምሮ፣ ከዚህኛው ወገን ናቸው። ስለዚህ ካምበሩን ለመቀነስ ፈቃደኛ ካልሆንክ ባለ ቀስቱን ምረጥ፤ ካስተካከልከው ባለ «ውጭ»ውን ያለ ሐሳብ ግዛ። የኔ ምርጫ ሁለተኛው ነው፤ እርጥብ መንገድ ላይ መያዙን ካየሁ ወዲህ ወደ ሌላ አልተመለስኩም።

ስትገዛ ጎኑ ላይ ያሉትን አራት አሃዞች አንብብ። 2319 ከሆነ በ2019 ዓመት በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው፤ አቆጣጠሩ የፈረንጅ ነው። አንድ ጊዜ «ያልተነካ ነው» ተብዬ ጥርሱ ሙሉ የሆነ፣ ግን ስድስት ዓመት መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ጥንድ ገዛሁ። ደረቅ ላይ ደህና ነበር፤ በመጀመሪያው ዝናብ አደባባይ ላይ በሁለተኛ ማርሽ የመኪናው ጀርባ ቀድሞኝ ዞረ። የጭነትና የፍጥነት ምልክቱንም መመሪያው ከሚለው በታች አታውርድ፦ 96ደብሊዩ ማለት በአንድ ጎማ 710 ኪሎ፣ በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ነው።

አንዱን ብቻ ልቀይር ብለህ እንዳታስብ። ሊሚትድ ስሊፕ ዲፈረንሻል (ሁለቱ የኋላ ጎማዎች በጣም በተለያየ ፍጥነት እንዳይዞሩ የሚይዝ) ካለህ፣ ቁመታቸው የተለያየ ሁለት ጎማዎች ቀጥታ መንገድ ላይ ሳይቀር ያለ ዕረፍት ያሠሩታል፣ ያሞቁታል። የፊቶቹም ቢቻል ያው ሞዴል ይሁኑ፤ ፊቱ ይዞ ኋላው ከለቀቀ ምን እንደሚመጣ አደባባዩን ነግሬሃለሁ። አዲስ ጎማ የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መቶ ኪሎ ሜትሮች ያንሸራትታል፣ ያን ያህል ታገሥ።

አሁን ቸርኬውን ስታወልቅ ጀርባው ላይ የተቀረጸውን ስፋት አንብበህ፣ ከአላይመንት ወረቀቱ ጋር ፎቶ አንሥተህ ላክልኝ። 8 የሚል ከሆነ ስለ 275 ማውራታችንን እዚሁ እናቆማለን።