ጓደኞቼን ወዴት ልውሰዳቸው?

ጥያቄ፦ በዛምቢያ፣ ሉሳካ በሥራ ላይ እገኛለሁ። በጥቅምት ወር በማገኘው የአንድ ሳምንት ዕረፍት ሁለት ጓደኞቼ ከአዲስ አበባ ስለሚመጡ የቪክቶሪያ ፏፏቴን ላሳያቸው አስቤአለሁ። ምን ትመክሩኛላችሁ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ሐሳብዎ መልካም ነው፤ ሆኖም ጥቅምት የደረቁ ወቅት ማብቂያ በመሆኑ በዛምቢያዋ የሊቪንግስተን ከተማ በኩል ያለው የፏፏቴው ገጽ በአብዛኛው ውኃ አጥቶ ጥቁር ዓለቱ ብቻ ይታያል። በዚያ ጊዜም ውኃው የማይቋረጠው በዚምባብዌ በኩል ስለሆነ፣ በ1905 እ.ኤ.አ. የተሠራውን ድልድይ ተሻግረው ከማዶ ቢያሳዩአቸው ይሻላል። ይኸው ድርቀት ግን የዱር እንስሳት ለማየት እጅግ ይመቻል፤ በቦትስዋና የቾቤ ወንዝ ዳር ዝሆኖች በብዛት የሚሰበሰቡት በዚህ ወቅት ነውና፣ ከሰዓት በኋላ በጀልባ ከወጡ ግልገሎቻቸውን መሐል አድርገው ሲሻገሩ በቅርብ ሊያዩ ይችላሉ። እኛስ ብንሆን ረጅሙን ቀን የምንሰጠው ለቾቤ ነበር።

ከሁሉ አስቀድሞ ግን፣ ኢትዮጵያ የቢጫ ወባ ሥጋት ካለባቸው አገሮች ስለምትቆጠር፣ ጓደኞችዎ ክትባቱን ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን ቀድመው ወስደው የምስክር ወረቀቱን በእጃቸው ይያዙ። ድንበር ተሻግረው ስለሚመለሱም፣ የዛምቢያ ቪዛቸው ከአንድ ጊዜ በላይ የሚያስገባ መሆኑን ትኬት ሳይቆርጡ ያረጋግጡ።