የድሮ ጠመንጃ ሰደፍ ለምትሰበስቡ ወጣቶች

ይድረስ ለምወዳችሁ ልጆቼ፣

እንጨት ማደስ የኖርኩበት ሙያ ነው። አሜሪካ ውስጥ የድሮ ወንበርና ቁም ሣጥን፣ ኋላ ላይ ደግሞ የወታደር ጠመንጃ ሰደፍ ስጠግን አርጅቻለሁ። አሁን አሁን ከእናንተ መካከል የድሮ ጠመንጃ መሰብሰብ የጀመሩ እንዳሉ እሰማለሁ። ደስ ይለኛል። የሚያሳስበኝ አንድ ነገር ነው። ብዙ ጊዜ ትልቁን ገንዘብ የምትከፍሉት ሰደፉ ላይ ለተመታች ትንሽ ማህተም ነው። ማህተም ደግሞ ዛሬም ይመታል።

ኤም ዋን ጋራንድ የተባለውን ጠመንጃ እንውሰድ። ማሳቹሴትስ፣ ስፕሪንግፊልድ በሚገኘው የመንግሥት የጦር መሣሪያ ፋብሪካ ጆን ጋራንድ የሠራው ነው። የአሜሪካ ጦር በ1936 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ተቀበለው። ለእኛም እንግዳ አይደለም። የቃኘው ሻለቃ ልጆች በ1951 ኮሪያ ሲዘምቱ የታጠቁት የአሜሪካ መሣሪያ ነበር።

የዚህ ጠመንጃ ማህተም ከሰደፉ በግራ በኩል ይገኛል። የስፕሪንግፊልድ ከሆነ ከላይ የፋብሪካው፣ ከሥር የኃላፊው ስም መነሻ ፊደላት አሉ። መጀመሪያ አካባቢ የጊልበርት ስቱዋርት፣ ከዚያ የኧርል ማክፋርላንድ፣ የጆርጅ ዉዲ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ደግሞ የኖርማን ራምሴ። ስለዚህ ማህተሙ ዘመን ይናገራል። በ1944 የተሠራ ጠመንጃ ላይ የስቱዋርትን ማህተም ካያችሁ ቆም በሉ። ግን ወዲያው ፎርጅድ ነው አትበሉ። ከጦርነቱ በኋላ ብዙዎቹ ጠመንጃዎች ለእድሳት ተመልሰው ገብተዋል፤ እዚያ የአንዱ ሰደፍ ለሌላው ተገጥሟል። አለመገጣጠም የእነዚህ ጠመንጃዎች ታሪክ ነው። እኔን ይበልጥ የሚያጠራጥረኝ ሁሉም ነገር ልክክ ብሎ፣ ማህተሙም ትናንት የተመታ መስሎ ሲገኝ ነው።

አሁን ወደ እንጨቱ። ጠመንጃው ጥይት እንደሌለበት አረጋግጡ። ከዚያ ክፍሉን ጨለም አድርጉና ባትሪውን ከጎን አብሩበት። ከፊት ለፊት የሚመጣ ብርሃን ብዙ ይደብቃል፤ ከጎን ሲመጣ እያንዳንዷ ጭረት ጥላ ትጥላለች። አጉሊ መነጽር ያዙና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፦ የቱ ቀደመ? ሰደፉ ለዓመታት ሲጋጭና ሲፋቅ ኖሯል። ማህተሙ ያኔ ከነበረ ጭረቱና ስርጉዱ ማህተሙን አቋርጠው ያልፋሉ፤ የፊደሉን ጠርዝ ይሰብራሉ። ማህተሙ አሮጌ ስርጉድ ላይ ወጥቶ መስመሩ እስከ ጎድጓዳው ድረስ ጥርት ብሎ ከወረደ ግን ስርጉዱ ነው የቀደመው። ይህን ማስመሰል ከባድ ነው። ፊደል መኮረጅ ይቻላል፣ ቅደም ተከተልን መኮረጅ ግን ጭንቅ ነው።

በመዶሻ የተመታ ማህተም እንጨቱን ይጫነዋል እንጂ አይቆርጠውም። ብዙ ጊዜ አንዱ ጎን ጠልቆ ሌላው ስስ ይሆናል። በሌዘር የተሠራው ደግሞ ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር እኩል ነው፤ ጠርዙም የተቃጠለ ይመስላል። የፊደሎቹን ውስጥም እዩ። የዓመታት ዘይትና እድፍ ውስጡ ገብቶ ይጠቁራል። ቀለም ተቀብቶ የጠቆረው ግን አንድ ዓይነት ነው፣ ዳሩም ላይ ይፈስሳል።

በእጀታው ፊት ለፊት ክብ ውስጥ ያለች የፒ ፊደል አለች፤ ጠመንጃው ተተኩሶ ለመፈተኑ ምልክት ናት። ጣት የሚያርፍባት ቦታ ስለሆነች መደብዘዟ አይግረማችሁ። እጀታው በእጅ ብዛት ለስልሶ እሷ ብቻ ቁልጭ ካለች ግን ሻጩን ጠይቁት።

ሰደፉ በብርጭቆ ወረቀት ተፍቆ እንደሆነም ፈትሹ። የተፈቀ እንጨት ከብረቱ ዝቅ ይላል፣ ጠርዙም ይዶለዱማል። እንጨቱ እንዲህ ተፍቆ ማህተሙ ጥልቅ ከሆነ ነገሩ አልቋል፤ ሂሳቡ አይመጣም። ሻጩ ከፈቀደ ሰደፉን አስፈትታችሁ ውስጡን እዩት። ውስጡ ያረጀ፣ ውጪው ደግሞ ያለ መጠን ነጣ ያለ ከሆነ ምክንያት አለው።

በቅርብ ዓመታት ከኢትዮጵያ የወጡ አሮጌ ጠመንጃዎች አሜሪካ ገብተዋል። በእኛ ፊደል ስም የተቀረጸበት ሰደፍ ሲያጋጥማችሁ ከማንም የተሻለ ዓይን ያላችሁ እናንተ ናችሁ። አንብቡት። ፊደሉን የሚያውቅ እጅ ነው የጻፈው ወይስ ቅርጹን አይቶ የኮረጀ? ጭረቱ ውስጥ እድፍ አለ ወይስ አዲስ እንጨት ይታያል?

አገር ቤት ላላችሁም አንድ ልመና አለኝ። የአያታችሁ ቤልጅግ ወይም ውጅግራ በሕጋዊ ፈቃድ ቤት ውስጥ ካለ፣ እባካችሁ ሰደፉን ፍቃችሁ ቫርኒሽ አትቀቡት። አያት የቀረጹት ስምና መስቀል አንዴ ከተፈቀ አይመለስም። በደረቅ ጨርቅ መወልወል ይበቃዋል።

በእጃችሁ የምትሠሩ ልጆች ደግሞ አንድ ቀን ደንበኛ መጥቶ «የጦርነቱን ጊዜ ማህተም ምታልኝ፣ ለራሴ ነው» ይላችኋል። እውነቱን ሊሆን ይችላል። ግን ጠመንጃው ከእሱ በኋላ ይሸጣል፤ የሚገዛው ሰው ይህን ንግግር አልሰማም። እኔ አልመታም፣ እናንተም አትምቱ። አዲስ ሰደፍ ከገጠማችሁ ውስጡ ላይ፣ ከኋላው ብረት ሥር፣ ቀኑንና የሠራችሁትን በእርሳስ ጻፉበት። የሚቀጥለው ጠጋኝ ሲፈታው ያገኘዋል።