ከአዘዞ ፒያሳ፣ ከፒያሳ ኮሌጅ፦ የተመላላሽ ተማሪዎች ጥያቄና መልስ

ሦስት ዓመት ሙሉ ከአዘዞ እየተመላለስኩ ጎንደር ከተማ ውስጥ ባለ አንድ ኮሌጅ ኤሌክትሪክ ተምሬያለሁ። ዛሬ እንጀራዬ እሱው ነው። አብረውኝ ከጀመሩት መካከል ትምህርቱ ከብዶት የተወ ትዝ አይለኝም። መንገዱ ያስመረራቸውን ግን አንድ በአንድ አስታውሳለሁ። የቸገራችሁን ጠይቁኝ ያልኩትም ለዚህ ነው።

ቤቴ አዘዞ ነው። ትምህርት 2:00 ሰዓት ይጀምራል። 1:15 እወጣለሁ፣ ሁሌም አረፍዳለሁ። ምን ይሻላል?

ወንድሜ፣ 1:15 በጣም ዘግይተሃል። ከአዘዞ ፒያሳ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መኪናው አንዴ ከተነሳ መንገዱ አያስቸግርም። ጊዜህን የሚበላው ሚኒባሱ እስኪሞላ መጠበቁ ነው። ከዚያ ደግሞ ፒያሳ ወርደህ ሌላ ባጃጅ ትፈልጋለህ። በዚያ ሰዓት ሠራተኛውም ነጋዴውም ተማሪውም ፈላጊ ነው። እኔ 12:30 ላይ ከቤት እወጣ ነበር። ቀድሜ ስደርስ የትናንቱን ደብተር አነባለሁ። ሁለት ወር ካለፈ በኋላ ማታ ማጥናት የሚባለውን ትቼዋለሁ ማለት ይቻላል።

ሌላው፣ መሀል መንገድ ላይ ቆመህ አትጠብቅ። ሞልቶ የመጣ መኪና አይቆምልህም። ትንሽ ወደ ኋላ በእግርህ ሄደህም ቢሆን መነሻው ላይ ግባ።

የፈተና ቀን ለብቻው ነው። ሁለተኛ ዓመት እያለሁ መሀል መንገድ ላይ የሚኒባሱ ጎማ ፈነዳ። ያለፈው መኪና ሁሉ ሙሉ ነበር። ስደርስ በሩ ተዘግቷል። ያን ቀን ያለቀስኩትን አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ በፈተና ዋዜማ ከተማ ውስጥ ጓደኛዬ ጋ አድር ነበር። አንተም ከወዲሁ እንደዚያ የሚያሳድርህ ሰው ፈልግ።

ባጃጅ በየቀኑ ኪሴን ጨረሰው።

ብቻህን በኮንትራት አትሂድ። ከሰፈርህ ሁለት ልጅ ፈልግ። ሦስት ከሆናችሁ አንድ ባጃጅ ሞላችሁ ማለት ነው። የምታምኑትን ሹፌር በወር አነጋግሩት። ለእሱም የታወቀ ገቢ ነው፣ አይጨክንባችሁም። ከቤት ብር ሲላክልህ ደግሞ ከሁሉ በፊት የመንገዱን ለይተህ አስቀምጥ። ቴሌብር ላይ ያለ ብር ኪስ ውስጥ እንዳለው ቶሎ አያልቅም፣ ቢያንስ እኔን እንደዚያ ጠቅሞኛል።

የመጣሁት ከማክሰኝት ነው። ልመላለስ ወይስ ቤት ልከራይ?

ተከራዪ እህቴ። ከማክሰኝት ጎንደር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በየቀኑ ደርሶ መልስ ብሩንም ጉልበትሽንም ይጨርሰዋል። ሁለት ወይም ሦስት ሆናችሁ አንድ ክፍል ያዙ። ዓርብ ማታ ወይም ቅዳሜ ቤት ትሄጃለሽ፣ እሑድ ስንቅሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ። ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ዳቦ ቆሎ ካለ ሳምንቱ አይከብድም።

ክፍሉን ከመያዝሽ በፊት ሦስት ነገር ጠይቂ። ውኃ በስንት ቀን ይመጣል? መብራትና ውኃ ከኪራዩ ጋር ነው ወይስ ለብቻ? የግቢው በር ስንት ሰዓት ይዘጋል? የመጨረሻውን ብዙዎች ይረሱታል። አከራዮች ክፉ ሆነው አይደለም፣ በጊዜ መተኛት ይፈልጋሉ። ግን ቤተ መጻሕፍት አምሽተሽ ደጅ ላይ መቆም አለ። ውኃ ማጠራቀሚያ ጀሪካን ደግሞ ከፍራሽ በፊት ግዢ።

ልጄ የማታ ተማሪ ናት። እስክትመጣ ድረስ እንቅልፍ አይወስደኝም። ላስቀራት ይሆን?

እናቴ፣ ስጋትዎ ይገባኛል። ግን እባክዎ አያስቀሯት። መጀመሪያ ኮሌጁን የቅዳሜና እሑድ መርሐ ግብር እንዳለው ይጠይቁ። ከሌለ ወደ እናንተ ሰፈር የሚመጡ ተማሪዎች ስም ዝርዝር ክፍል ውስጥ ይያዝ፣ አብረው ይውጡ። ማታ መኪና ይሳሳል፣ ባጃጅም የሰዓት ገደብ የሚጣልበት ጊዜ አለ። ስለዚህ የሚያመጣት ሹፌር የታወቀ ይሁን፣ ስልኩም እርስዎ ጋ ይቀመጥ። መምህራንም ይነገራቸው። ከርቀት የሚመጣ ተማሪ እንዳለ ሲያውቁ ሩብ ሰዓት ቀድመው የሚለቁ ደግ መምህራን አሉ።

ከጠዋቱ ክፍል እስከ ከሰዓቱ ሦስት ሰዓት ባዶ ነኝ። ወደ ቤት ልመለስ?

አትመለስ። ምሳህን ቋጥረህ ና፣ ቤተ መጻሕፍት ግባ። ካፌ ተቀምጦ የሚያልፈው ሰዓት ብሩንም ይዞ ነው የሚሄደው።

የትብብር ስልጠና፣ ማለትም ድርጅት ገብቶ ሥራ የሚለመድበት፣ ሩቅ ቦታ ደረሰኝ። መቀየር ይቻላል?

ብዙ ጊዜ ይቻላል፣ ቀድመህ ከተናገርክ። ይህን ጥያቄ ስለላክህ ደስ ብሎኛል። የቴክኒክና ሙያ ትምህርት 70 በመቶው ተግባር፣ 30 በመቶው ንድፈ ሐሳብ እንዲሆን ነው የታሰበው። ስለዚህ ስልጠና የምትወጣበት ድርጅት ከመማሪያ ክፍልህ አይተናነስም። እዚያ በቀን በቀን ካልደረስክ ሙያውን አታገኘውም፣ የብቃት ምዘናውም ላይ እጅህ ይታሰራል።

ምደባ ከመውጣቱ አንድ ወር በፊት በሰፈርህ ያሉትን ጋራዦች፣ ወርክሾፖች፣ ብረታ ብረት ቤቶች ዙር። ተማሪ ትቀበላላችሁ ወይ በል። እሺ ካሉህ ስማቸውን ይዘህ የትብብር ስልጠና አስተባባሪውን አናግር። እኔ እንዲህ አድርጌ ከቤቴ በእግር የምደርስበት ቦታ አገኘሁ። የተረፈኝ የታክሲ ብር ፒንሳና ቴስተር ገዛልኝ። ፒንሳው አሁንም አለ።

ክረምትስ?

ሰኔ ሳይገባ ደብተርና ሞዱል በላስቲክ ጠቅልል። ትርፍ ካልሲ ቦርሳ ውስጥ ይኑር። ዝናብ ሲጥል ባጃጅ ይጠፋል፣ ሩብ ሰዓት ቀድመህ ውጣ።

ለጥምቀት ሰሞን ፈተና ቢገጥመን መንገዱ እንዴት ነው?

ጥር 10 ከተራ ነው። ታቦታቱ ወደ ፋሲል መዋኛ ሲወርዱ በፒያሳ በኩል መኪና ማለፍ አይታሰብም። እንግዳውም ከየአገሩ ይመጣል፣ ሚኒባስ ብርቅ ይሆናል። የምታስረክቡት ሥራ ካለ እስከ ጥር 9 ጨርሱት። ጥር 12 ሚካኤል ስለሚገባ እስከዚያ ድረስ መንገዱ ይለቀቃል ብላችሁ አትጠብቁ።